አባባ ያልነገሩኝ ገጽ

ማንበብ ሳልችል የክፍላችን ምርጥ አንባቢ ነበርሁ። ይኸን ለሥራ ባልደረቦቼ ስናገር «አንቺ ደግሞ ማጋነን ልማድሽ ነው» ይሉኛል። አፌ ማረፍ እንደማያውቅ አልክድም፤ በዚህች ነገር ላይ ግን አንድ ቃል አልጨምርም። እስከ ዛሬ የማወራው የሚያስቀውን ክፍል ብቻ ነበር። ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ በዚያው ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ዛሬ ሁሉንም ልንገራችሁ፤ ታገሡኝ።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርሁ። ቤታችን ከአርብ ገበያ ከተማ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ሥር ነው። አባቴ ጥላዬ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ገብስና ባቄላ ያርሳሉ፣ ከቤታችን ጀርባ ባሉት ጎጆዎች ደግሞ የቆሎ ተማሪዎችን ያስተምራሉ። በእሳቸው ጉባኤ መምህር ይነግራል፣ ተማሪ ይቀበላል። አባባ አንዱን ቃል ይላሉ፣ ተማሪው ይደግመዋል፣ ከዚያ እስኪዋሐደው ድረስ ሲለው ይውላል። መጽሐፍ የሚወጣው ኋላ ነው፤ ያውም ቃሉ በልብ ካደረ በኋላ። በቅዳሴም ጊዜ ዲያቆኑ መጽሐፉን ዘርግቶ ይቆማል እንጂ አብዛኛውን የሚወጣው በቃሉ ነው። እኔም በዚህ መካከል አድጌ ማንበብ ማለት ይኸው መሰለኝ። ሰው ይነግርሻል፣ ትቀበያለሽ፣ ከዚያ መጽሐፉን ለክብሩ ያህል ፊትሽ ላይ ይዘሽ ትናገሪዋለሽ።

ሌላም ነገር ነበር። ከአፍንጫዬ ትንሽ ራቅ ያለ ነገር ሁሉ ጭጋግ ውስጥ ነበር የሚታየኝ። «ታዲያ ምነው አልተናገርሽም?» ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ ልናገር? ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ መስሎኝ! ሰዉን በድምፁና በአረማመዱ እለየዋለሁ፣ መንገዱን እግሬ ያውቀዋል፤ ስደናቀፍ «ደንባራ!» ይሉኛል፣ እኔም ደንባራ ነኝ ብዬ ተቀምጫለሁ። ፊደል ቢሆን አልጠፋኝም። አባባ በከሰል፣ በሰሌዳ ላይ፣ እንጎቻ የሚያህል እያደረጉ ጽፈው አስቆጥረውኛል። የመማሪያ መጽሐፉ ፊደል ግን አፍንጫዬን ብደፋበትም የፈሰሰ ጤፍ ነው። ሌላው ልጅ ከዚያ ጤፍ ውስጥ ቃል እየለቀመ እንደሆነ ማን ነግሮኝ?

መምህራችን እናኑ ትባል ነበር። ከኮሌጅ እንደወጣች ነው ወደ እኛ የመጣችው፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን ሳምንቷን እንደ ሹሩባ ጎንጉና ነበር የምትይዛት። ሰኞ አዲሱን ምንባብ ጮክ ብላ ታነብልናለች። ማክሰኞ በቡድን ሆነን ስለ ምንባቡ እንጠያየቃለን፤ መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ስለነበር እየተጋፋን። ረቡዕ ቃል እየጠራች ታጽፈናለች። ሐሙስ የንባብ ቀን ነው፤ ተራ በተራ ፊት ወጥተን እናነባለን። ይኸ ነገር ዓርብ ቢሆን ያምር ነበር፤ ነገር ግን ዓርብ ገበያ ነውና የክፍሉ እኩሌታ ፍየል እየነዳ ገበያ ይወጣል። በሐሙስ ንባብ የበለጠ ልጅ የሚቀጥለውን ሳምንት ሙሉ ደወል ይደውላል። ደወላችን ከግራሩ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነበር። አቤት ያንን ቸርኬ እንዴት እንደቀጠቀጥሁት! ዓመቱን ሙሉ የሚወዳደረኝ አልተገኘም።

ምስጢሩ ሰኞ ማታ ነበር። መጽሐፉን ይዤ እገባለሁ፣ አባባ ከጉባኤያቸው መልስ መደቡ ላይ አረፍ እንዳሉ አጠገባቸው እለጠፋለሁ።

«አባባ፣ ይንገሩኝ።»

«ምኑን?»

«የዚህን ሳምንቱን።»

«ኧረ እናንተ ልጆች! እኔ ደግሞ የመንግሥት መምህር ሆንሁላችሁ?» ይላሉ። ይበሉ እንጂ መጽሐፉን ቀድመው የሚቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ኩራዙን አስጠግተው አንድ ጊዜ ያነቡታል። እየቆረሱ ይነግሩኛል፣ እቀበላለሁ። የት እንደሚተነፈስ፣ የት ድምፅ ከፍ እንደሚል ሁሉ ያሳዩኛል። ገጹን ሲገልጡት ድምፁን እሰማለሁ፤ እሱንም አብሬ እይዘዋለሁ። ሐሙስ ቀን ፊት ወጥቼ፣ እዚያ ቃል ላይ ስደርስ፣ እኔም ገጹን እገልጣለሁ። አባባ ስጨርስ ጭኔን መታ አድርገው «ይኸችስ ቀለም ይገባታል!» ይሉና ለእናቴ ይጮኹላታል፤ «ሰማሽ? ወንዶቹ ሳምንት የሚያለቅሱበትን ባንድ ማታ ጠጣችው!» እኔ ከዚያች ማታ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ አልነበረኝም። አባባ ለቆሎ ተማሪዎቹ ኮስታራ ናቸው፤ ሰኞ ማታ ግን የእኔ ብቻ ነበሩ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ሐሙስ ወላጆች ተጠርተው የልጆቻቸውን ትምህርት እንዲያዩ ተባለ። ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሱፐርቫይዘርም መጣ። የሰውየውን መልክ አልነግራችሁም፤ አላየሁትማ። ሲራመድ የሚጮህ ጫማ ነበረው፣ ሽቶም ተቀብቷል። ወላጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የአባባ ድምፅ ከበሩ በኩል ሲመጣ ልቤ ሞቅ አለኝ።

መምህርት እናኑ ስሜን ጠራች። «ውድነሽ ጥላዬ፣ ነዪ አንብቢልን።»

የሳምንቱ ምንባብ ስለ ንቦች ነበር። መጽሐፉን ከፍ አድርጌ ያዝሁና ለቀቅሁት! የሚተነፈስበት ተንፍሼ፣ ከፍ የሚለውን ከፍ አድርጌ፣ ገጹን በቦታው ገልጬ ጨረስሁ። ወላጆቹ «እሰይ! እሰይ!» አሉ። አባባ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ፤ ደስ ሲላቸው እንደዚያ ናቸው።

«ጎበዝ!» አለ ሱፐርቫይዘሩ። ጫማው ወደ እኔ ጮኸ። መጽሐፉን ከእጄ ወሰደና ገልጦ መለሰልኝ። «አሁን ደግሞ እስቲ እዚህ ጋ አንብቢልኝ።»

እንግዲህ እንግዳው ድገሚው ያለኝ መሰለኝ። ወዶት ነው ብዬ ስለ ንቦቹ እንደገና ጀመርሁ፤ እንዲያውም አሁን ድምፄን ጨመርሁበት። ገጹንም በቦታው ገለጥሁ። ከኋላ ያሉት ልጆች መጀመሪያ ፍክክ አሉ፣ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ በሣቅ ፈረሰ። ኋላ እንደነገሩኝ የገለጠልኝ ገጽ ላይ ትልቅ የአህያ ሥዕል ነበረበት። እኔ አህያዋን ይዤ ስለ ማር እናገራለሁ።

ሱፐርቫይዘሩ ግን አልሣቀም። ወደ መምህርት እናኑ ዞሮ፣ «መምህርት፣ የንባብ ቀን የምትሉት ይኸን ነው?» አላት። «ልጅ በቃል አስጠንቶ እንግዳ ፊት ማቆም? ሪፖርቱ ላይ ሁሉም ያነባሉ ብላችሁ ነበር እኮ!»

«ኧረ እኔ አላስጠናኋትም!» አለች መምህርቷ። «ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምታነበው። እኔ እንጃ፣ ዛሬ ምን እንደነካት…»

ይኸን ጊዜ አባባ ከበሩ ወደ ፊት መጡ። «ጌታው ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አሉ፣ «ቃል መያዝ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነ?»

«ነውር አይደለም መሪጌታ። ነገር ግን ይኸ ንባብ አይደለም።»

«የእኔ ልጅ ታነባለች። መምህርቷን በከንቱ አያስጨንቋት።»

«የምታነብ ከሆነ ታንብብልን፤ እኔ ምን ከፋኝ?»

«አንብቢለት ልጄ። አትፍሪ።»

መጽሐፉን አፍንጫዬ ላይ ደፋሁት። ጤፍ ነው። የአባባ ትንፋሽ ከበላዬ ነው፤ ስሳሳት የማያውቁኝ አባባ ይጠብቁኛል። በጣም ግራ ገባኝ። እንዴት ነው ያልተቀበልሁትን ነገር አንብቢ የሚሉኝ? ደግሞ ያን ያህል ሰው ፊት አባባ ይኸን እንዴት ረሱት ብዬ እየተገረምሁ፣

«አባባ፣ ይኸኛውን እኮ ገና አልነገሩኝም» አልኋቸው።

የልጆቹ ሣቅ ተቋረጠ። የአባባ እግር ከእኔ እየራቀ ወደ በሩ ሲሄድ ሰማሁ። ከዚያ ቆሙ።

«ውዴ፣» አሉኝ ከወዲያ፣ «በእጄ የያዝሁት ምንድን ነው?»

አባባ ከቤት ሲወጡ መቋሚያቸውን ይዘው ነው። ማን ይኸን ያጣዋል? «መቋሚያዎን ነዋ!» አልሁ።

አንዲት ሴትዮ «ወይኔ!» አለች። አባባ ከፍ አድርገው የያዙት የመምህርት እናኑን መጥረጊያ ነበር። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ኖሯል።

ያን ዕለት ቤት አልገባንም። አባባ እጄን ይዘው በቀጥታ ወደ ከተማ አቀኑ። ዳገቱን ስንወጣ መንገዱን ሁሉ ይነግሩኝ ጀመር። «እዚህ ድንጋይ አለ፣ እግርሽን አንሺ።» «ቦይ ነው፣ ተሻገሪ።» «ይኸ ዋርካ ነው።» ያን መንገድ ከእሳቸው ጋር ስንቴ ሄጄበታለሁ፤ ስደናቀፍ «ምነው እግርሽ?» ብለው ይቆጡኝ ነበር እንጂ እንዲህ ሆነው አያውቁም። ደስ አለኝ። ከሰኞ ማታ ሌላ ሰኞ ያገኘሁ መሰለኝ።

«ያ ማዶ ያለው ተራራ ይታይሻል?» አሉኝ።

«የቱ ማዶ?»

«ተይው። እኔስ? አሁን ፊቴ ይታይሻል?»

«ጠጋ ሲሉማ ጢምዎ ይታየኛል። ነጩ።»

ቆም አሉ፤ ከመንገዱ ዳር ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሲያደርጉት ተሰማኝ። ከዚያ ከጋቢው ውስጥ የመጣው ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀው ነው። አባባ አለቀሱ። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ አንብቢ ሲሉኝ ስላላነበብሁ ያዘኑብኝ መስሎኝ «ሁለተኛ አላሳፍርዎትም፣ ዛሬ ማታ ይንገሩኝና ነገ እላታለሁ» እያልሁ ጉልበታቸውን እይዛለሁ። እንዲያ ባልሁ ቁጥር ባሰባቸው።

በጤና ጣቢያው አንድ ጤና መኮንን በባትሪ ዐይኔን አየና «ሞራ ነው» አለ። «የሁለቱም። ደብረ ታቦር ይውሰዷት፣ አይዘግዩ።» ከተማው ውስጥ ያለች የእናቴ እኅት ቤት አደርን። አክስቴ ጠበል ይቅደም ብላ ተሟገተች። አባባ «ጠበሉንም እወስዳታለሁ፤ የሐኪሙን ቀን ግን አላሳልፍባትም» አሏት። እሷ ደግሞ የደብሩን ንግሥ አስታወሰቻቸው፤ ለካ እሑድ ነበር። አባባ መሪጌታ ከሆኑ ጀምሮ ማኅሌት ሳይመሩ የቀሩበት ንግሥ የለም።

«ንግሡስ? ማን ሊመራ ነው?»

«ያስተማርኋቸው ይምሩ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

በማግሥቱ ገበያተኛው ሁሉ ወደ አርብ ገበያ ሲገባ እኛ ከዚያ ወጣን። በነፋስ መውጫ በኩል ደብረ ታቦር ደረስን። የዐይን ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ጠብታ ጨመረችልኝ፣ አገጬን ከብረት ላይ አስደግፋ በመብራት ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አባባን አስቀመጠቻቸው። እኔን እንደማልሰማ ቆጥረውኝ ነው መሰለኝ ፊት ለፊቴ ተነጋገሩ።

«ቀኙ ላይ ሞራው የመጣው ቀስ በቀስ ነው፤» አለች። «ይኸ ዐይን ማየት ያውቃል። ሞራው ከተነሣለት ያያል። ካልተነሣ ግን እየቆየ ይዘጋል። ቀዶ ጥገና ስለሆነ ምንም አይሆንም ብዬ ልምልልዎት አልችልም።»

«እሺ። ግራውስ?»

«ግራው ከውልደቷ ጀምሮ የተሸፈነ ይመስላል።»

«ታዲያ እሱንም አንሡታ!»

«ብናነሣውም ብዙ አያይም፣ አባ። ዐይን ማየትን የሚማረው በሕፃንነት ነው። ግራ ዐይኗ ሳይማር ጊዜው አለፈ።»

«አልተማረም ነው የሚሉኝ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ መምህር ነኝ፣ እመቤት። የማይገባው ተማሪ ስንት አይቻለሁ፤ ጊዜ ሲሰጡት ይገባዋል። ጊዜ ብንሰጠውስ?»

«አራስ ሳለች መጥታ ቢሆን ኖሮ…» አለችና ተወችው። አባባም ከዚያ ወዲያ አልጠየቋትም።

ለልጅ ሰመመን የሚሰጠው ጎንደር ነው ተብሎ ወደዚያ ተላክን። ሌሊቱን በአውቶቡስ መናኸሪያ አካባቢ ባለች አልጋ ቤት አደርን፤ በማግሥቱ ሆስፒታል ገባን። ተራ ስንጠብቅ ቀናት አለፉ። ከእነዚያ አንዱ በሆነው በንግሡ እሑድ ጠዋት ከሩቅ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲሰማ አባባ ብድግ ብለው መስኮቱ ጋ ቆሙ። በመቋሚያቸው ወለሉን ቀስ እያሉ ይመቱ ነበር። ተራዬ ደርሶ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲወስዱኝ እጄን አልለቅ አሉ፤ ነርሷ «በቃ አባ፣ ይልቀቋት» ብላ ከእጃቸው ወሰደችኝ። ቀኜ ቢበላሽ የሚቀረኝ ምንም እንደሌለ እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው በጣም እንደራበኝ ነው።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት ብርሃን ነው፤ አሳመመኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ አንድ ትንሽዬ ሽማግሌ ተቀምጠው አየሁ። ጆሯቸው ላይ ጠጉር አለ። ዐይናቸው ቀልቷል፣ ጋቢያቸው ጠርዙ ላይ ቆሽሿል። በድምፃቸው ግዙፍ ሰው ነበር የሚመስሉኝ። «እኚህ ናቸው እንዴ አባባ?» አልሁ፣ ጮክ ብዬ! የክፍሉ ታማሚ ሁሉ ሣቀ። አባባም እያለቀሱ ሣቁ። ከአናታቸው በላይ ግድግዳው ላይ ትልልቅ ፊደል ነበር። ጣቴን ቀስሬ አንድ በአንድ ቆጠርሁት። «ወ… ለ… ል… ላ… ይ… አ… ት… ት… ፉ።» ወለል ላይ አትትፉ። ማንም ሳይነግረኝ ያነበብሁት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፤ አትሣቁብኝ።

አባባ ግን በዚህኛው አልሣቁም። ያን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደተለዋወጠ አሁን ድረስ ዐይኔ ላይ አለ። ፊት ማንበብ ገና አልለመድሁም ነበርና ምን እንደሆኑ አልገባኝም።

ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ወፍራም መነጽር አድርጌ ነው። ልጆቹ «ባለ ጠርሙሷ» አሉኝ። መምህርት እናኑ አቅፋ ሳመችኝ፤ ሱፐርቫይዘሩ ይቅርታ ጠይቋት ነበር አሉ። ሐሙስ ደረሰና ፊት ወጣሁ። የክፍሉ አንደኛ የነበርሁት ሴትዮ ሁለት መስመር ለመጨረስ አላበኝ! አንዱን ቃል ይዤ ስታገል ከኋላ አንዱ ያዛጋል። ደወሉን ሌላ ልጅ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲያም አልመለሰልኝም። መምህርቷ «ውዴ፣ ያነበብሽው ዛሬ ነው» አለችኝ፤ እኔ ግን ተናድጄ አለቀስሁ። ማየት ከክብሬ ያወረደኝ ነው የመሰለኝ።

ሰኞ ማታ መጽሐፌን ይዤ አባባ አጠገብ ተለጠፍሁ። «አባባ፣ ይንገሩኝ።»

መጽሐፉን አልተቀበሉኝም። «ከእንግዲህ በራስሽ ዐይን ነው፣ ልጄ» አሉ።

«አንድ ጊዜ ብቻ!»

«አይሆንም።» ተነሡና መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ጉባኤያቸው የሄዱ መሰለኝ።

በሚቀጥለውም ሰኞ እንደዚያው። በሚቀጥለውም። ኩራዙን ለእኔ ያስጠጉልኛል፣ መጽሐፌን ስገልጥ ይወጣሉ። እኔ አኮረፍሁ። እየተንተባተብሁ ማንበቤ የሰለቻቸው፣ እንደ ድሮው ባንድ ማታ የማልጠጣ ደካማ ስሆን ያፈሩብኝ መሰለኝ። እልህ ያዘኝ፤ በእልህ አነበብሁ። እልህ ያስተምራል እኮ! በዓመቱ መጨረሻ እንደማንም ልጅ አነብ ነበር፣ ሁለት ዓመት ቆይቼ ደግሞ ከማንም እበልጥ ነበር። አባባ ግን ዳግመኛ አንዲት ቃል ነግረውኝ አያውቁም። ከእኔ ጋር ስለ እርሻ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ምንም ያወራሉ፤ መጽሐፍ ከመጣ ይነሣሉ። እኔም ኩሩ ነኝ፣ የእሳቸው ልጅ፤ ሁለተኛ አልለመንሁም።

ዛሬ ሲማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ራቅ ባለች ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሳምንቴን እንደ መምህርት እናኑ ጎንጉኜ እይዛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬበታለሁ፤ ሐሙስ ቀን ልጁ የተዘጋጀበትን ካነበበልኝ በኋላ ማንም ያላየውን ገጽ እገልጥለታለሁ። ለማሳፈር አይደለም፤ ብቻውን አጠገቤ አስቀምጬ ነው። እስካሁን በዚህ ዘዴ በደንብ የማያዩ ልጆች አግኝቼ ወደ ሐኪም ልኬአለሁ። እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ዕቃ ሲደፋና ሲደናቀፍ «ደንባራ» ከማለታችሁ በፊት እስቲ ራቅ ብላችሁ ቁሙና በእጃችሁ የያዛችሁትን ጠይቁት። ይኸን ለማለት ብቻ ቢሆን ግን ይኸን ሁሉ ባላስቀመጥኋችሁ ነበር።

አባባ አምና ዐረፉ። ከአርባቸው በኋላ እንግዳው ሲበተን እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። ሰው ሲሞት የቆየ ቂም ሁሉ ይነሣል፤ እኔም ያቺን ቅሬታዬን አወጣኋት።

«እማ፣ መነጽር ካደረግሁ ወዲህ እኮ ጠልተውኝ ነበር። መጽሐፍ ስይዝ ቤት ውስጥ መቀመጥ እንኳ አይሆንላቸውም። ወደ ጉባኤያቸው ጥለውኝ ይሄዳሉ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «ምን? ጉባኤ?» አለች። «ኧረ ልጄ፣ የት ሄደው! ከጓሮ፣ ከግድግዳው ጥግ ቆመው ይሰሙሽ ነበር እኮ። ብርድ ይበላቸዋል፣ ‹ይግቡ› ስላቸው በእጃቸው ዝም በዪ ይሉኛል። ቃሉ ሲጠፋሽ በከንፈራቸው ይሉታል፣ ድምፅ የለውም። አንቺ ስታገኚው ያማትባሉ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ካወቀች ጆሮዋን ነው የምታምነው፤ ዐይኗ ሳይማር ይቀርብኛል› አሉኝ። ‹አንዱን ዐይኗን በእኔ ጦስ አጥቻለሁ› አሉኝ። አስማሉኝ እኮ፣ ልጄ። ምን ላድርግ?»

አፌ ማረፍ አያውቅም ብያችሁ ነበር። ያን ጊዜ የምናገረው አጣሁ። ግድግዳው የጭቃ ነው፤ በሩም ከተቀመጥሁበት መደብ ጥቂት እርምጃ ነበር። አባባ ማኅሌታቸውን ትተው ባተረፉልኝ ዐይን ተራራውን አየሁ፣ ከተማውን አየሁ፣ ስንት መጽሐፍ አነበብሁበት። አንዲት ሰኞ ማታ እንኳ ተነሥቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ እሳቸውን ግን አላየሁበትም።